ያልቆጠራችሁትን አትፈርሙ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ መሥሪያ ቤት ለመግባት ለተዘጋጃችሁት ነው የምጽፈው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈኝን አንድ ነገር የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ባወረደው በዋተርጌት ታሪክ ልንገራችሁ። ያ ጉዳይ በተወራ ቁጥር ሌቦቹና ፕሬዚዳንቱ ይነሣሉ፤ በመካከል የነበሩት ወጣቶች ግን ይረሳሉ።

ሰኔ 10 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ዋሽንግተን በሚገኘው የዋተርጌት ሕንፃ ፍራንክ ዊልስ የሚባል የ24 ዓመት ዘበኛ ተረኛ ነበር። ቀደም ሲል በምድር ቤቱ በር መቆለፊያ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ አግኝቶ፣ ሠራተኞች የረሱት መስሎት ልጦ ጥሎታል። ተመልሶ ሲመጣ እዚያው ቦታ እንደገና ተለጥፏል። ፖሊስ ጠራ፤ ያየውንም በተረኛ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። ፖሊሶቹ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የላስቲክ ጓንት ያጠለቁ አምስት ሰዎች ያዙ። ካሜራ፣ የድምፅ መጥለፊያ መሣሪያና ቁጥራቸው ተከታታይ የሆነ ባለ 100 ዶላር ኖቶችም ተገኙ። ከአምስቱ አንዱ ጄምስ ማኮርድ የፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ የጥበቃ ኃላፊ ነበር።

ለእኔ ለሒሳብ ሰው ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለዘመቻው የተሰጠ የ25,000 ዶላር ቼክ ዞሮ ዞሮ ማያሚ ውስጥ በአንደኛው ሌባ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ተገኘ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ሂው ስሎን ገና ወጣት ነበር። በአለቆቹ ትእዛዝ የሰበራው መሪ ለነበረው ለጎርደን ሊዲ 200,000 ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ ከፍሏል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የፋይናንስ ኃላፊውን ሞሪስ ስታንስን ሲጠይቃቸው «እኔ ማወቅ አልፈልግም፤ አንተም ማወቅ አትፈልግም» አሉት።

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። እኔም በየመጋዘኑ በአማርኛ ሰምቻታለሁ፤ «አንተ ብቻ ፈርም፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ትላለች። ቀኑ ሲደርስ ኃላፊነቱን የወሰደ አለቃ ግን አላጋጠመኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ላይ 400 ኩንታል ሲሚንቶ ገቢ ሆኗል ይላል፤ ስንቆጥር 260 ሆነ። የንብረት ሠራተኛው ከተቀጠረ ስምንት ወሩ ነበር። «ቆጥረህ ነው የፈረምኸው?» አልሁት። ሲሚንቶ የነካው እጁን በሱሪው እየጠረገ «መኪናው ሲደርስ መሽቶ ነበር፤ ሌሎቹ ፈርመው እኔን ብቻ ይጠብቁ ነበር» አለኝ። የታሰረው እርሱ ነው። ሪፖርቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያ እጁ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስሎንም ሲከፍል አጥብቆ አልጠየቀም። ሰዎቹ ከተያዙ በኋላ ግን የከፈለውን ገንዘብ አሳንሶ እንዲናገር ሲገፋፉት እምቢ አለ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ሥራውን ለቀቀ። በዚያው ኮሚቴ የነበረው ኸርበርት ፖርተር ደግሞ ዋሸ፤ ጉዳዩን የመረመሩት ሴናተሮች ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቁት ከቡድኑ የተለየ እንዳይመስል ፈርቶ እንደ ነበር ተናገረ። እርሱም ታሰረ። ሌላው ወጣት፣ የዋይት ሀውስ ሠራተኛ የነበረው ጎርደን ስትራካን፣ ወደ መንግሥት ሥራ መግባት ለሚፈልጉ ወጣቶች ምን ትመክራለህ ሲባል «ራቁ» ነበር መልሱ። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ምክሩን ግን አልቀበልም። የሚቆጥር ሰው ከመጋዘኑ ከራቀ የሚቀረው የማይቆጥረው ነው። ግቡ፣ ነገር ግን መኪናው ቢመሽበትም ባትሪ አብርታችሁ ቁጠሩ።

ኒክሰን ከሰበራው በኋላ በ1965 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸንፈው ነበር። የጣላቸው ሰበራው ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ በተያዙ በስድስተኛው ቀን ምርመራውን በአገሪቱ የስለላ ድርጅት በሲ.አይ.ኤ. በኩል ለማስቆም ሲስማሙ የተቀዳው የገዛ ድምፃቸው ነው። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቁ። እኔ ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ወር እንዳለፈ የእኛም ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው ወረዱና የኒክሰንን ነገር ያነሣ አልነበረም።

ዊልስ በሳምንት 80 ዶላር ገደማ ነበር የሚያገኘው። ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥራ ማግኘት ከበደው፤ በ1993 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ በድህነት ሞተ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር አታለልኋችሁ ማለት ነው። በዚያች ሌሊት በእጁ የጻፈበት መዝገብ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።