የሚያበርደውስ ማነው? በወሎ ጤና ለምትማሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ አብሽሩ።

ደሴ ውስጥ መንገድ ላይ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ዶክተር፣ ኢምዩኒቲ ከፍ የሚያደርግ ምን ልውሰድ?» ኮሮና የገባ ሰሞንማ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተወደደ። ፌጦ በሎሚ ያልጠጣ አልነበረም። እኔም ጠጥቻለሁ፤ ደስ ይለኛል። ጤና የሚማር ልጅ ግን እዚያ ላይ መቆም የለበትም።

«ከፍ ማድረግ» ስንል የሰውነት መከላከያ በጨመረ ቁጥር ጤናም ይጨምራል ብለን ነው። ሆስፒታል ውስጥ ስትገቡ የምታዩት ሌላ ነው። ሉፐስ፣ ዓይነት 1 ስኳር፣ መገጣጠሚያ የሚያጣምመው ሩማቶይድ፣ ክፉኛ የሚያፍነው አስም፣ እነዚህ ሁሉ መከላከያው አንሶ የመጡ አይደሉም። ያለ ቦታው ተነስቶ፣ ወይም ተነስቶ አልበርድ ብሎ ነው። ስለዚህ በሽተኛ ፊት ስትቆሙ «ምን ገባበት?» ብላችሁ አታቁሙ። «የሚያበርደውስ ማነው? የት ሄደ?» በሉ። በዚህ ደብዳቤ የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ የቀረው ማስረጃው ነው።

እኔን ይህን ያስተማረኝ የሥጋ ደዌ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ሲባል ቦሩ ሜዳ አለ። ታሪክ የምትወዱ በ1870 ዓ.ም. በተካሄደበት የሃይማኖት ጉባኤ ታውቁታላችሁ፤ እሱ ሌላ ወግ ነው፣ ቡና ላይ እንጫወተዋለን። ለእኛ ለሐኪሞች ግን ቦሩ ሜዳ ማለት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየገጠሩ ሲመጡበት የኖረው ሆስፒታል ነው።

ባክቴሪያውን ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። አዲስ አበባ ያለው የምርምር ተቋም በእሱ ስም የተሰየመው ለዚህ ነው። ባክቴሪያው ቀርፋፋ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ሰው ላይ ምልክት ለማሳየት ዓመታት፣ አንዳንዴ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አብዛኛው ሰው ቢያገኘውም አይታመምበትም። ራሱን ችሎ መርዝ የሚረጭ ክፉ ተባይም አይደለም። ታዲያ እጅ እንዲህ የሚሽመደመደው፣ እግር የሚደነዝዘው በምንድን ነው?

በአብዛኛው በራሱ በሰውነቱ ቁጣ ነው። ባክቴሪያው ነርቭ ውስጥ ይደበቃል። መከላከያው ሊያወጣው ሲገባ ነርቩን አብሮ ይጎዳዋል። ደግሞ አንዱ ባክቴሪያ በሁለት ሰው ላይ ሁለት የተለያየ በሽታ ይመስላል። የአንደኛው ቲ ሴሎች፣ ማለትም የመከላከያው ወታደር የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች፣ በኃይል ይነሳሉ። ቆዳው ላይ ጥቂት ለምጥ ብቻ ይታያል፣ ከቁስሉ ናሙና ወስዳችሁ ማይክሮስኮፕ ስር ብታዩ ባክቴሪያው አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ነርቩ ግን ቶሎ ይጎዳል። የሌላው ቲ ሴሎች ዝም ይላሉ። ሰውነቱ በባክቴሪያ ይሞላል፣ ፊቱና ጆሮው ያብጣል። ልዩነቱን ያመጣው ተባዩ አይደለም፤ የተቀበለው ሰውነት ነው። የኢምዩኖሎጂ ኮርስ ደረቅ ነው የምትሉኝ ልጆች፣ አንድ ቀን የቆዳ ክሊኒክ ተቀምጣችሁ እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እዩ። ከዚያ በኋላ ደረቅ የምትሉኝ ከሆነ እንነጋገራለን።

ሌላም አለ። በሽተኛው መድኃኒቱን ስድስት ወር ወይም አሥራ ሁለት ወር በትክክል ይጨርሳል። ባክቴሪያው ሞቷል። ከወራት በኋላ ግን እጁ አብጦ፣ ነርቩ ጠጥሮ፣ ትኩሳት ይዞት ይመለሳል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ነው ያበላሸው» ይላል። አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ብቻ ይሄዳል። ይሂድ፣ አትቆጡት፤ ግን ምን እንደሆነ ንገሩት። የሞተው ባክቴሪያ ሬሳ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። መከላከያው ከሬሳው ጋር ነው የሚጣላው። እዚህ ላይ የሚያድነው ተባይ ገዳይ መድኃኒት ሳይሆን ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ነው። ጊዜ ደግሞ ወሳኝ ነው። መደንዘዙ ከጀመረ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተደረሰበት ነርቩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ መደንዘዝ ያለበትን ሰው «ከሳምንት በኋላ ና» አትበሉት።

አሁን ወደ ሩቁ ምርምር ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ላገኙ ሦስት ሰዎች ነው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ፣ አሜሪካውያኑ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ናቸው።

የሳካጉቺን ነገር በደንብ አንብቡት። ታይመስ የምትባለው ዕጢ ቲ ሴሎች የሚሰለጥኑባት ናት። በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ታይመሳቸው የተወገደ አይጦች መከላከያቸው ይደክማል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የራሳቸውን አካል ማጥቃት ጀመሩ። ሳካጉቺ ከጤነኛ አይጥ ቲ ሴል ወስዶ ሲሰጣቸው በሽታው ቆመ። ስለዚህ ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን የሚያበርዱ አሉ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህን ማለት አያስከብርም ነበር። «አፋኝ ቲ ሴል» የሚባል ሐሳብ ቀድሞ ተነስቶ ማስረጃው ስለፈረሰ፣ ብዙ ተመራማሪ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሰውየው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ሴሎቹን ለይቶ አወጣ። ዛሬ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ።

ብሩንኮውና ራምስዴል በሌላ መንገድ ነው የደረሱት። ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ወንዶቹ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜ የሚሞቱ አይጦች ነበሩ። ጥፋቱ ከየትኛው ጂን እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ጂኖችን አንድ በአንድ ፈተሹ። የተገኘው በመጨረሻው፣ በሃያኛው ላይ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ምን እንደተሰማቸው ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ይህ ጂን ፎክስፒ3 ይባላል። በሰው ላይ ሲበላሽ ወንድ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው የራሳቸው መከላከያ አንጀታቸውን፣ ቆዳቸውንና ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ቆሽታቸውን ያጠቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳካጉቺ የእሱ ሴሎች በዚሁ ጂን እንደሚታዘዙ አሳየ።

እነዚህን ሴሎች ለወሎ ሰው ለማስረዳት አልቸገርም። አባጋሮቻችንን አስቡ። ደም የተቃቡ ሰዎች መሐል የሚገቡት ጉልበት ስላላቸው አይደለም፤ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። እነሱ የሌሉበት አገር ግን በአንድ ጠብ ይነዳል። ተቆጣጣሪዎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ ሲዲ ፎር ከሚባለው የቲ ሴል ወገን ከመቶ አምስት እስከ አሥር ቢሆኑ ነው።

ማብረድ ሁልጊዜ ደግ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ካንሰር እነዚህኑ ሴሎች ዙሪያውን ሰብስቦ ይከለልባቸዋል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት የቲ ሴሎችን ፍሬን መልቀቅ ካንሰርን እንደሚያስጠቃ በማሳየታቸው ነው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ታዲያ አንዳንዱ በሽተኛ ካንሰሩ እየቀነሰለት አንጀቱ ወይም የእንቅርት ዕጢው በራሱ መከላከያ ይጠቃበታል። ነገሩ ሁሉ መጠንና ጊዜ ነው።

ለዚህ ከኮሮና ጊዜ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የዴክሳሜታዞንን ውጤት አሳወቁ። ርካሽ፣ አሮጌ፣ የትም ፋርማሲ ያለ መድኃኒት ነው። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ምንም አልጠቀመም። ይህችን ሁለተኛዋን ግማሽ ብዙ ሰው አልሰማትም። ቤቱ ተቀምጦ የሚያስል ሁሉ ዴክሳ ይገዛ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ዴክሳሜታዞንም ፕሬድኒሶሎንም ስቴሮይድ ከሚባለው የመድኃኒት ወገን ናቸው፤ ስቴሮይድ ደግሞ በአገራችን እንደ ከረሜላ ይሸጣል። ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥ አለ። «ለወገብ» ተብሎ የሚወጋ መርፌ ውስጥ አለ። ሰውነት ያወፍራል ተብሎ የሚዋጥም አለ። የተኛ ቲቢ ይቀሰቅሳል፣ ስኳር ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት የሚያቆም ሰው ደግሞ ሊሞት ይችላል። በዚሁ መድኃኒት የሥጋ ደዌ በሽተኛ እጅ እንደሚተርፍ ነግሬያችኋለሁ። ፋርማሲ የምትማሩ ልጆች፣ ያለ ማዘዣ ስትሸጡት ብሰማ አዝናለሁ፤ ዘመዳችሁ ቢለምናችሁም አትስጡ።

«እኛ እዚህ ሆነን ምን እንመራመራለን?» የምትሉኝም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጅማ ጥናት የመንጠቆ ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር ማለቱ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ትሉ እንዳይባረር ብሎ የሰውየውን መከላከያ ያበርዳል፤ አለርጂውም አብሮ ይበርዳል ተብሎ ይገመታል። ትል ዋጡ እያልኩ አይደለም፤ የደም ማነሱን የምታክሙት እናንተው ናችሁ። ግን ጥናቱ የተሠራው እኛው አገር ነው።

ሌላው ሲዲ ፎር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አቃቂና ወንጂ ላይ የሠሩ ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ኤችአይቪ የሌለባቸውን ጤነኛ ሰዎች መረመሩ። የእኛ ሰው የሲዲ ፎር ቁጥር ከሆላንዱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ገና ያልነቁ ሴሎቻችን ያነሱ፣ የተቀሰቀሱት ደግሞ የበዙ ነበሩ። ያኔ በሽተኛ መድኃኒት ይጀምር አይጀምር የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ነበር።

ላቦራቶሪ የምትማሩ ልጆች፣ ውጤት ወረቀት ላይ በቀኝ በኩል «ጤነኛ መጠን» ብሎ ቁጥር የሚያስቀምጠውን ዓምድ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ሥራ ስትገቡ የመመርመሪያውን ኪት መመሪያ አውጡና ያ ቁጥር ከየትኛው አገር ሰው ደም እንደተወሰደ ፈልጉ። የእኛ አገር ሰው ደም ካልሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ጓደኛችሁን ላኩልኝ።