መልስ፦ ትምህርትሽን አታቁሚ፣ ውክልናውን አስልኪ

አብሽሪ እህቴ። እናት ጅዳ፣ አባት ጅቡቲ ሆነው በ19 ዓመትሽ ደሴ ላይ ሁለት ወንድሞችሽን ማሳደግ ከባድ ነው። «ትምህርቴን ላቁም ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም አታቁሚ። ቀኑ ካልተመቸሽ ወደ ማታው ተዛወሪ።

እናትሽ ጅዳ ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና ትላክልሽ። እዚህ ውጭ ጉዳይ ካረጋገጠው በኋላ፣ የወንድሞችሽ ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጪ» ሲልሽ የምታሳዪው ወረቀት ይኖርሻል።

የ10 ዓመቱን ሥራ አስለምጂው። ምሳ ዕቃውን ራሱ ይጠብ፣ ለትንሹም ጫማውን ያድርግለት። በዚያ በጦሳ ተራራ ብርድ ጠዋት ሁሉን ብቻሽን አትችይውም።

እናትሽ ስትደውል ደግሞ «ደህና ነን» ብቻ አትበያት። ትንሹ ማታ ማታ እንደሚያለቅስ ንገሪያት፣ በቪዲዮ ታናግረው። ጎረቤት ቡና ሲጠራሽም አትቅሪ፤ ስትታመሚ ልጆቹን የሚያይልሽ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።