የአልማዝ ክፍያ በከበደም ስም ሲመዘገብ

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን ዕቁብ የምይዝበት በፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ሞጁል (የኮድ ፋይል) አለኝ። ዛሬ የመዘገብኳት አልማዝ 500 ብር ስትከፍል፣ ዛሬ በተመዘገበው በከበደም ስም 500 ይታያል። ከፋይል የሚነበቡት ነባር አባላት ግን ደህና ናቸው። አንድ ጓደኛዬ «አስተካከልኩልሽ» ካለኝ ወዲህ ደግሞ አዲስ ሰው በመዘገብኩ ቁጥር ከሱ በፊት የገቡት የዛሬዎቹ ክፍያ ይጠፋል። የተበላሸው ክፍያ የሚመዘግበው ሜተድ (የኮድ ክፍል) ነው?

መልስ፦ ሜተዱን ተዪው እህቴ፣ ጤነኛ ነው። ነባሮቹ ደህና ሆነው አዲሶቹ ብቻ ከተቀላቀሉ እኔ ቀጥታ ኮንስትራክተሩን፣ አዲስ አባል በተፈጠረ ቁጥር የሚሠራውን «ኢኒት» የተባለ ክፍል ነው የምጠረጥረው። ኢኒት ቅንፍ ውስጥ «ክፍያዎች=[]»፣ ማለትም ክፍያ ካልተሰጠ ባዶ ሊስት (ዝርዝር) ያዝ፣ የሚል አለ፣ እወራረዳለሁ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት የዳታ ፋይሉን ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። የሰው ገንዘብ ነው።

ለማረጋገጥ ሁለት አዲስ አባላት ፍጠሪና የሁለቱ ክፍያዎች አንድ ሊስት መሆኑን በ«ኢዝ» ጠይቂ። «ትሩ» ካለሽ ተይዟል። በ== እንዳትሞክሪው፤ እሱ ይዘት ብቻ ስለሚያይ ሁለት የተለያዩ ባዶ ሊስቶችንም እኩል ይላቸዋል።

ይቺን ነገር ስለምወዳት ትንሽ ልዘርዝራት። ኢኒትን የሚያውጀው «ዴፍ» የሚለው መስመር ሞጁሉ ሲጫን አንዴ ይፈጸማል። በቅንፉ ያለው [] የሚፈጠረውም ያኔ ነው፤ አንድ ሊስት፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ኮንስትራክተሩ መቶ ጊዜ ቢጠራም ያንኑ ሊስት ያቀብላል እንጂ አዲስ አይሠራም። በር ላይ አንድ ደብተር እንደማስቀመጥ ነው፦ የራሱን ይዞ የመጣ በራሱ ይጽፋል፣ ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ በዚያው። ነባሮቹ የተረፉት ክፍያቸውን ከፋይል ይዘው ስለሚመጡ ነው። ካላመንሽኝ የኢኒትን «ዲፎልትስ» (ካልተሰጠ የሚያዘውን) አሳትሚ፣ ከፊትና ከኋላው ሁለት ሁለት የግርጌ ሰረዝ ያለውን። የነአልማዝ ብር እዚያ ተጠራቅሞ ታገኚዋለሽ። ቁጥርና ጽሑፍ ባሉበት ስለማይለወጡ እንዲህ አያደርጉም፤ ሊስትና ዲክሽነሪ ናቸው ጉድ የሚሠሩት።

መፍትሔው አጭር ነው። በ[] ፈንታ «ምንም የለም» የሚለውን «ነን» አድርጊ። ኢኒት ውስጥ ገብተሽ፣ ክፍያዎች «ነን» ከሆነ እዚያው አዲስ [] ፍጠሪና ለኦብጀክቱ (ለሚፈጠረው አባል) ስጪው።

ጓደኛሽ የጨመረው «ክሊር» መሆን አለበት። የጋራውን ሊስት ነው የሚጠርገው፣ አውጪው። እንዲህ ያለ ኢኒት ደግሞ ከየቻናሉ ከሚገለበጥ «ዝግጁ ኮድ» የሚመጣ ነው። ለጣፊዎቹ አንድ ኦብጀክት ፈጥረው «ይሠራል» ይላሉ። በአንድ አባል የማይሠራ ዕቁብ የት አለ!

ስትጨርሺ ፓይተኑን ዘግተሽ ክፈቺ። ድጋሚ ኢምፖርት ማድረግ አይበቃም፤ አንዴ የተጫነ ሞጁል እንደገና አይነበብም። ቅልቅሉ ፋይሉ ላይ ሴቭ ተደርጎ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያጠራልሽም። ከወረቀቱ መዝገብ ጋር በየአባሉ አመሳክሪ። ስታርሚም ቅድም ያስቀመጥሽውን ኮፒ እንዳትነኪ።