ሱፐርኖቫና ጅራታም ኮከብ በአንድ ቴሌስኮፕ፦ የሌንስ አመራረጥ

ጥያቄ፦ ከደሴ የጻፉልን አንባቢ የመስታወቱ ስፋት 130፣ የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አላቸው። አዲስ ሱፐርኖቫ (የፈነዳ ኮከብ) ሲገኝ ያለበትን ጋላክሲ በ25 ሚሊ ሜትሩ የዓይን ሌንስ ቢያገኙትም አዲሱን ኮከብ መለየት አልቻሉም፤ ጅራታም ኮከብ ደግሞ በ10 ሚሊ ሜትሩ ሲያዩት ደብዝዞ ይጠፋባቸዋል። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ እንደገለጹልኝ ከሆነ መሣሪያዎ ደህና ነው፤ ሌንሶቹን ግን አቀያይረዋቸዋል። ሱፐርኖቫ ነጥብ ስለሆነ በ10 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም በ65 እጥፍ፣ ሲያዩት የሰማዩ ግራጫነትና የጋላክሲው ጭጋግ ይሳሳሉ፣ ነጥቡ ግን ብርሃኑን ይዞ ስለሚቆይ ጎልቶ ይወጣል። ጅራታም ኮከብ በአንጻሩ የተንሰራፋ ጭጋግ በመሆኑ ባጎሉት ቁጥር ብርሃኑ ይበተናል፤ እሱን በ25 ሚሊ ሜትሩ፣ በ26 እጥፍ፣ ይመልከቱት።

ከባዱ ሥራ ነጥቡን መለየት ነው፤ በጋላክሲው ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ከዋክብት በእኛና በእሱ መካከል ያሉ የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ናቸውና። ከፍንዳታው በፊት የተነሣ የጋላክሲውን ፎቶግራፍ አትመው ይያዙና በደብዛዛ ቀይ መብራት ያንብቡት። የእርስዎ ቴሌስኮፕ ምስሉን 180 ዲግሪ ስለሚያዞር ወረቀቱን አናቱ ወደ ታች እንዲሆን ማዞር ይበቃል፤ ምስሉን በ90 ዲግሪ ማጠፊያ መስታወት በሚያሳይ የሌንስ ቴሌስኮፕ ግን ግራና ቀኝ ስለሚለዋወጡ ወረቀቱን ማዞር ብቻውን አይረዳም። ሦስት ደማቅ ከዋክብት የሚሠሩትን ጎኖቹ እኩል ያልሆኑ ሦስት ማዕዘን በሌንሱም በወረቀቱም ካገኙ በኋላ ከዚያ ተነስተው አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ በሌንሱ ታይቶ በወረቀቱ የሌለው ነጥብ የሚፈልጉት ነው።

ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በኤም 101 ጋላክሲ ያገኘው ሱፐርኖቫ ጥሩ ምሳሌ ነው። አጠገቡ ኤንጂሲ 5461 የተባለ ብሩህ የጋዝ ደመና ስለነበረ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነበር፤ ሲያጎሉት የሚሰፋውና ጠርዙ የማይጠራው ደመናው ነው። የሱፐርኖቫው ድምቀት 11ኛ ደረጃ ገደማ ደርሶ ነበር (ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል)፣ የእርስዎ መስታወት ደግሞ በጨለማ ሰማይ 13ኛ ደረጃ አካባቢ ድረስ ያሳያል፤ ከዚያ ለደበዘዘ ባይደክሙ እመክራለሁ። በግንቦት ወር ጋላክሲው ከደሴ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ በስተሰሜን 47 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል።

ያገኙት ጭጋግ ጅራታም ኮከብ ይሁን ጋላክሲ ካጠራጠርዎት፣ ከአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ጋር አቀማመጡን ስለው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ለውጥ ካላዩም በማግስቱ፣ ያነጻጽሩ፤ ጅራታም ኮከብ ይንቀሳቀሳል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቻርልስ ሜሲየ እ.ኤ.አ. በ1758 ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ያገኘው የማይንቀሳቀስ ጭጋግ ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ጭጋጎችን ዝርዝር እንዲጀምር አነሣሥቶታል፤ ያ ጭጋግ እ.ኤ.አ. በ1054 የታየ ሱፐርኖቫ ቅሪት መሆኑ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ለደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ የጦሳ ተራራ ምዕራቡን ይጋርዳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የታየውን ጹቺንሻን አትላስን የመሰለ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች በምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚታይ ጅራታም ኮከብ ከከተማው ሆኖ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ወጥተው ምዕራቡ የተገለጠ ሜዳ ይፈልጉ። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ በዚያ አቅጣጫ በቴሌስኮፕ ፈጽሞ አይፈልጉ፤ በቅጽበት ዓይን ያጠፋል።

የወሎ ደጋ ምሽት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከቤት የወጣ ሞቃት መስታወት በፊቱ ያለውን አየር ያንቀሳቅስና ነጥቡን ያርገበግበዋል፤ ደብዛዛ ሱፐርኖቫ በዚህ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከማየትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ደጅ ያውጡት።