ስለ ወረቀት ድልድይ ውድድር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ እንደሆንሽ፣ ትምህርት ክፍላችሁ ሰኔ ላይ ውድድር እንዳዘጋጀ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚሻገርና ከ300 ግራም የማይበልጥ ድልድይ በኤ4 ወረቀትና በኮላ ብቻ መሥራት እንዳለባችሁ ገልጸሽ «እንዴት ባደርገው ብዙ ክብደት ይሸከማል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ሦስት ማዕዘን ጥንካሬ ነግረውሻል። እሱን ክፍል ውስጥ ተምረሽዋል፤ አልደግመውም። እኔ በዚሁ ዓይነት ውድድር፣ በዚሁ በሰኔ ወር፣ በዚሁ ደንብ አንድ ዓመት ተሸንፌ በዓመቱ አሸንፌአለሁ። የተሸነፍነው ድልድያችን ደካማ ስለነበረ አይደለም። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

1. ወረቀቱን ከመቁረጥሽ በፊት የቃጫውን አቅጣጫ እወቂ። ወረቀት እንደ እንጨት ቃጫ አለው፤ ቃጫው አብዛኛው የሚተኛው ወረቀቱ በፋብሪካው ማሽን ላይ በተሳበበት አቅጣጫ ነው። እኛ ከአንድ ወረቀት 2 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም ቆርጠን ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አንጠለጠልንባቸውና ቀስ እያልን ውሃ ሞላን። በቁመት የተቆረጠው ሙሉውን ጀሪካን ይዞ ቆየ። በአግድም የተቆረጠው ጀሪካኑ ሳይሞላ ተበጠሰ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ወርድ፣ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ነው። አብዛኛው ኤ4 ወረቀት ቃጫው በረጅሙ ጎን ይሄዳል፤ ነገር ግን በግምት አትሂጂ። በሁለቱም አቅጣጫ በእጅሽ ለጠጥ አድርገሽ እጠፊው፤ ሳያስቸግር የሚጠቀለለው የጥቅሉ ቁመት ከቃጫው ጋር ትይዩ ሲሆን ነው።

2. ግፊት የሚቀበለውን ሁሉ በቱቦ ሥሪ። የ6 ሚሊ ፌሮ ቁራጭ ፈልጊ፤ ግንባታ ባለበት ሁሉ ወድቆ ይገኛል። ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አጥፊና በስስ ፕላስቲክ ጠቅልይው፤ አለበለዚያ ኮላው ከብረቱ ጋር ይጣበቅና ቱቦው አልወጣ ይልሻል። አንድ ሙሉ ወረቀት ረጅሙ ጎኑ በብረቱ ቁመት ላይ ሆኖ ሲጠቀለልበት ዘጠኝ ዙር ያህል ይዞራል፤ ውጭው 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጠረጴዛ ሲመታ እንደ እንጨት የሚያንኳኳ ዘንግ ይሆናል። ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልይ። በዙሮቹ መካከል አየር ከቀረ ያ ቱቦ አይረባም፤ ጣይው። ኮላውን በብሩሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ውሃ ስላለበት ብዙ ከቀባሽ ወረቀቱ ይረጥብና ይሸበሸባል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይደርቅ አትንኪው።

ቱቦዎቹን አታስረዝሚ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1744 እንዳሳየው ቀጭን ዘንግ በግፊት ሲጎብጥ የሚሸከመው ከርዝመቱ ካሬ ጋር ተቃራኒ ነው፤ ርዝመቱን በግማሽ ብትቀንሺው አራት እጥፍ ይሸከማል። እኛ የላይኛውን አግዳሚ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ደግፈነው ነበር። የተወጠረውን ክፍል ግን ቱቦ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ በቃጫው አቅጣጫ የተቆረጠና የተደራረበ ጠፍጣፋ ወረቀት ይበቃል፤ በዚያ የምትቆጥቢውን ክብደት ለመጋጠሚያዎቹ አውይው። ሙከራ ላይ ከሰበርናቸው አራት ድልድዮች ሦስቱ የተበላሹት መጋጠሚያቸው ላይ ነው። የቱቦውን ጫፍ በጣትሽ ደፍጥጠሽ አታጣብቂ። ጫፉን ከሌላው ቱቦ ክብነት ጋር እንዲገጥም አድርገሽ ቁረጪና በሁለቱም በኩል ባለ ሦስት ድርብ ወረቀት ለብጂበት።

3. ክብደቱን፦ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ድልድያችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲመዘን 296 ግራም ነበር። ደስ አለን፤ አንዲት ግራም እንኳ አላባከንንም ብለን ተኩራራን። ውድድሩ የሚካሄደው በዋናው ግቢ አዳራሽ ሲሆን ቤተ ሙከራችን ያለው ሌላ ግቢ ነው። ያንቺም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድልድዩን በክፍት ካርቶን ተሸክመን በሩ ላይ ደረስን። ጥበቃው «የንብረት መውጫ አምጡ» አለን። የራሳችን ሥራ መሆኑን፣ ወረቀቱንም በኪሳችን ገንዘብ የገዛነው መሆኑን ነገርነው። እሱ እንኳ በጨዋ አንደበት ነው የመለሰልን፤ ያለ መውጫ ካሳለፈ ደሞዙ እንደሚቆረጥ ነገረን። አንዱ ጓደኛችን ከድልድዩ ጋር ቆመና ሁለታችን ወደ ንብረት ክፍል ሮጥን።

እዚያ የነበረው ሰው ሻይውን ጠጥቶ እስኪጨርስ ቀና ብሎ አላየንም። ከዚያ «ሞዴል 22 የት አለ?» አለ። ሞዴል 22 የዩኒቨርሲቲው ንብረት ወጪ የሚደረግበት ቅጽ ነው፤ ዕቃው የዩኒቨርሲቲው ስላልሆነ እንደዚያ ያለ ቅጽ እንደሌለው አስረዳን። «ታዲያ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል?» አለ። አልሆነም፤ ወረቀት ሆኖ ገብቶ ድልድይ ሆኖ ነው የሚወጣው። «ለወረቀት ነው እንዴ ይህን ያህል የምትንጫጩት?» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። እኔም ጃፓናዊው አርክቴክት ሺጌሩ ባን ኮቤ ከተማ በ1995 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በ58 የወረቀት ቱቦዎች ቤተ ክርስቲያን እንደሠራ፣ ሕንፃው አሥር ዓመት አገልግሎ ተፈትቶ ታይዋን ውስጥ እንደገና እንደተተከለ ልነግረው ጀመርኩ። በእጁ በሩን አሳየኝ። በመጨረሻ አንድ መምህራችን በስልክ ተለምነው መጡና በራሳቸው ስም ፈርመው ተፈቀደልን። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጅቷል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ይዘንብ ነበር። ጓደኛችን ከጥበቃው ቤት ጥግ ተጠልሎ ጃኬቱን አውልቆ ካርቶኑን ሸፍኖታል፤ ራሱ በስብሶ ይንቀጠቀጣል። በድልድዩ ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችበትም። በእጃችን ስንዳስሰው ደረቅ ነው። አዳራሹ ደርሰን ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 309 አለ።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለን ተከራከርን። አልተበላሸም። ወረቀት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ ሳይነካው፣ ሳያስታውቅ፣ ዝም ብሎ ይከብዳል። 13 ግራም ውሃ ከአየር ጠጥቷል ማለት ነው። የከፋው ደግሞ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ይለሰልሳል፤ በተለይ ግፊት የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። ዳኞቹ ከደረጃ ውጭ አድርገውን ለማሳያ ብቻ ጫኑብን። 27 ኪሎ ላይ የላይኛው አግዳሚ ጎበጠና አለቀ። ጓደኛችን ጃኬቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ።

በዓመቱ ያንኑ ንድፍ መልሰን ሠራነው። መጋጠሚያዎቹን ትንሽ ከማስተካከልና ከእርጥበት ከመጠበቅ በቀር የጨመርንበት ነገር አልነበረም። የተሸከመው 61 ኪሎ ነው! አሸዋው ባልዲ ውስጥ ሲጨመር አዳራሹ ጸጥ ብሎ የነበረው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ እነዚህን አድርጉ። ስታቅዱ 300ን እርሱት፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ280 ግራም አይለፍ። ድልድዩን ከመጨረሻው ኮላ በኋላ ሁለት ሌሊት ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጡትና የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ የሚሞቀውን፣ ከላዩ ራቅ አድርጋችሁ አብሩበት፤ ካርቶኑ እሳት እንዳይዝ አምፖሉን አታስጠጉ፣ ሰውም አጠገቡ ይኑር። ከዚያ በትልቅ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ አፉን በፕላስተር አሽጉ። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መምጠጫ ትንንሽ ከረጢቶች የጫማ ሱቆች በነፃ ይሰጣሉ፤ እኛ ሠላሳ ያህል ሰብስበን አብረን አሽገናል። ፕላስቲኩን ሚዛኑ ፊት ደርሳችሁ ተራችሁ ሲጠራ ብቻ ክፈቱት። ቀድሞ ተመዝኖ ዘግይቶ የሚጫን ከሆነ በመሀሉ መልሳችሁ ማሸግ ይፈቀድ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ።

መውጫውን ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ጀምሩት። እናንተ ወደ ንብረት ክፍል አትሂዱ፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ይጻፉላችሁ። ደብዳቤው ላይ «ወረቀት» የሚል ቃል አይግባ፤ «የተማሪዎች የውድድር ሞዴል፣ ብዛት 1፣ የተማሪዎቹ የግል ንብረት» ይበል። ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱን ጥበቃው ያስቀረዋል።

ስለ አጫጫኑ ደግሞ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ባልዲው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ከድልድዩ መሀል ወደ አንድ ጎን ከዞረ አንዱ ጎን ብቻውን ተሸክሞ ይሰበራል። የመሀሉን ነጥብ ከታችም ከላይም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ መንጠቆውን ከእናንተ አንዱ እንዲያስቀምጥ ፈቃድ ጠይቁ። እኛን አልከለከሉንም።

ቱቦ ስትጠቀልሉ ካስቸገራችሁ እዚሁ ጻፊልኝ። የእኛ ፌሮ ቁራጭ አሁንም እኔ ጋር አለ፤ አዲስ አበባ ካላችሁ መጥታችሁ ውሰዱት።