የአንባቢያን ጥያቄ፦ የእቁቡ ብር ለመርፌ ኮርስ ይውጣ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሄደው የሁለት ቀን ኮርስ ሊወስዱ ነው። ድራይ ኒድሊንግ (ጡንቻን በቀጭን መርፌ መውጋት)፣ ካፒንግ (ቆዳን በኩባያ መሳብ) እና ኪኒሲዮ ቴፕ (ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ተለጣጭ ፕላስተር) አንድ ላይ ነው፤ ሰርተፍኬትም አለው። ዋጋው 12 ሺህ ብር ነው። ወንድሜ እቁብ ስለወጣለት ልክፈልልሽ ብሎኛል። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ከክፍል ትምህርቱ ውጪ ምን ብጨምር ይሻለኛል? ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ባዶ እጄን መቅረብ አልፈልግም። (ት. ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምሽ ብር ለዚህ ኮርስ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ከመርፌው ልጀምር። ድራይ ኒድሊንግ በሠለጠነ እጅ ለአንዳንድ የጡንቻ ሕመም ያገለግላል። ግን ብዙ ጊዜ የሚወጋው የት ነው? አንገትና ትከሻ መጋጠሚያው ላይ፣ ትራፒዚየስ የሚባለው ጡንቻ ውስጥ። ከሥሩ የሳንባ ጫፍ አለ። ቀጭን ሰው ላይ መርፌው ትንሽ ጠልቆ ከገባ ሳንባ ይበሳል። ይህን አዳራሽ ሙሉ ሰው በታጨቀበት በሁለት ቀን ተምሮ የሚወጋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የእኔን ትከሻ ባይነካ ደስ ይለኛል። ካፒንጉን አያቶቻችንም በዋግምት ያውቁታል፤ 12 ሺህ ብርም አላስከፈሉን። የቴፑ ጥቅም ደግሞ እንደ ቀለሙ አይደለም።

ኮርስ በመጣ ቁጥር ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ ስሠራ እጄን ማን ያየዋል? አሠልጣኙ አጠገብሽ ቆሞ «እዚህ ጋ አይደለም፣ ከፍ አድርጊው» የማይልሽ ከሆነ የከፈልሽው ለወረቀቱ ነው።

እኔ ዘንድ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ንድፈ ሐሳቡን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል። ጎኒዮሜትር (መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ የሚለካ ባለ ሁለት ክንድ መሣሪያ) ስሰጣቸው ግን ግማሾቹ ይደናገራሉ። ስለዚህ ክረምቱን በመለካት ጀምሪው። ጉልበትን ለምሳሌ ውሰጂ። ሰውየውን በጀርባው አስተኚ። የመሣሪያውን መሃል በጉልበቱ ውጪኛ ጎን ባለው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ አድርጊ። የማይንቀሳቀሰው ክንድ ሽቅብ ወደ ግሬተር ትሮካንተር (ዳሌ አጠገብ ወዳለው የጭን አጥንት ውጪኛ ጉብታ)፣ የሚንቀሳቀሰው ቁልቁል ወደ ውጪኛው ቁርጭምጭሚት ያመልክት። ትሮካንተሩን በዓይንሽ ገምተሽ አትለፊው፤ በጣትሽ ፈልጊው። ካጣሽው እግሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ አሽከርክሪለት፣ ከጣትሽ ሥር ሲንከባለል ይሰማሻል። ቁጥሩን ጽፈሽ ሸፍኚው። ጓደኛሽም ትለካ። በ10 ዲግሪ ከተለያያችሁ ከእናንተ አንዷ ጉብታውን ስታለች ማለት ነው፤ እስክትቀራረቡ ድገሙት። ጄሶ የተፈታለት ሰው «ተሻለኝ» ይልሻል፣ ሐኪሙ ግን «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ነው የሚልሽ።

ሌላው ወጪ የማይጠይቅ ነገር ታይምድ አፕ ኤንድ ጎ የሚባለው ፈተና ነው። ባለ መደገፊያ ወንበር፣ መሬት ላይ በፕላስተር የተለካ 3 ሜትር፣ የስልክሽ ሰዓት። አዛውንቱ ከወንበር ይነሳሉ፣ ይራመዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ ይቀመጣሉ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ስጋታቸውን በደንብ መርምሪ። ሰፈርሽ ውስጥ ካሉ አባቶችና እናቶች ፈቃድ ጠይቀሽ ተለማመጂ። ስታሠሪ ግን ሰዓቱ ላይ አታፍጥጪ። ሲዞሩ ስንት እርምጃ ፈጀባቸው? ግድግዳ ፈለጉ? ከሰከንዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ አስታማሚው። እኛ አገር ታካሚውን ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚውለው ልጁ ወይ እህቱ ነው። አንቺ የምታገኚው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው ቤተሰቡ እንዴት ከአልጋ እንደሚያነሳው አይተሻል? የደከመውን ክንድ ይዘው ይጎትቱታል፣ ወይም ብብቱ ሥር ገብተው ያንጠለጥሉታል። ያ ትከሻ የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ ሰውየው ለወራት በሕመም እንቅልፍ ያጣል። ስለዚህ ማንሳቱን ራስሽ ብቻ አትቻይው። ማስተማሩን ቻይ። አንዴ ሠርተሽ ለአስታማሚዋ አሳያት፣ ከዚያ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ እሷ ስትሠራ ተመልከቺ። «ገባኝ» ስትልሽ አትመኛት፤ ገና አልገባትም።

ቤት የሚሠራ መልመጃ መስጠትም ለብቻው የሚሠለጠኑበት ሙያ ነው። ስምንት መልመጃ በወረቀት ጽፎ መስጠት የተለመደ ነው፤ ወረቀቱ ግን ጭቃና ኮረብታ አቋርጦ ገጠር ሲደርስ የሚያነበው የለም። ሁለት ይበቃል። ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ፦ ሽንት ቤታችሁ የቁጢጥ ነው? ቅዳሴ ይቆማሉ? ይሰግዳሉ? ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ የሚበቃው ጉልበት ቁጢጥ ለማለትም ሆነ ለሱጁድ አይበቃም። ታካሚሽ የሚለፋው ለዲግሪው ብሎ አይደለም፤ መስጊድ ሄዶ ከሰው እኩል ለመስገድ ነው። ግቡን በእሱ ቋንቋ ጻፊው። መልመጃውንም ቡና በሚፈላበት ሰዓት ላይ አስቀምጪለት፤ ያ ሰዓት አይረሳም።

ገንዘብ ማውጣትሽ ካልቀረ ቆልማማ እግር የሚታከምበት ቦታ ሄደሽ ለመታዘብ አመልክቺ። ለምሳሌ አዲስ አበባ ኪዩር የሕጻናት ሆስፒታል አለ። ሕክምናው የፖንሴቲ ዘዴ ይባላል። ጨቅላው በየሳምንቱ እግሩ በእጅ እየታረመ ጄሶ ይደረግለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ ነው። ብዙዎቹ የተረከዝ ጅማታቸው በትንሹ ይቆረጣል። ከዚያ ብሬስ የተባለው ጫማ ይመጣል፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት። እግሩ መልሶ የሚጣመመው በአብዛኛው እዚህ ላይ ሲሰነፍ ነው። እዚያ ስትሄዲ የጄሶውን ጥበብ ታደንቂያለሽ፤ እኔ ግን ለእናትየው የሚነገረውን አዳምጪ እልሻለሁ። ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ጫማውን እንዳታወልቅ የሚያደርጋት ያ ንግግር ነው። የቃጠሎ ክፍል መግባት ከቻልሽም ግቢ። የፊት አንገቱ የተቃጠለን ልጅ ትራስ ላይ ያስተኛ ሰው አገጩ ከደረቱ ጋር እንዲጣበቅ እየረዳው ነው፤ ይህን ለዘመዶቹ ለማስረዳት መርፌም ቴፕም አያስፈልግሽም።

ለንባብ ፔድሮ የሚባለውን የፊዚዮቴራፒ ጥናቶች ማኅደር ክፈቺ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሠራ ነው፣ ጥናቶቹንም ከ10 ነጥብ ይመዝናል። ስለ ካፒንግም ስለ ቴፕም እዚያው ፈልጊና ነጥባቸውን እዪ።

ስለ ሥራው ጠይቀሽኛል። ሰው ስቀጥር ሰርተፍኬቱን አገላብጬ አስቀምጠዋለሁ። ቀጥሎ ታካሚ አጠገብ ወስጄ «መርምሪ» ነው የምለው። ስምና አድራሻቸው የጠፋ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ልኬት ያለባቸው ሦስት የታካሚ ታሪኮች ይዘሽ ብትመጪ ከአሥር ወረቀት ይበልጥብኛል። አንዱ ያልተሻለው ሰው ቢሆን ደግሞ የበለጠ አነጋግርሻለሁ።

ከእቁቡ ጎኒዮሜትር፣ ሜትርና የሪፍሌክስ መዶሻ ግዢ፤ ለአዲስ አበባ መንገድና ማረፊያም ያዢ። የተረፈውን ለወንድምሽ መልሺለት። በእቁብ ብር መጨቃጨቅ ደስ አይልም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ በፊዚዮቴራፒ ተመርቄያለሁ። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ የኦንላይን ሰርተፍኬት ሰብስብና ና፣ እዚህ ትሠራለህ ትለኛለች። እውነት ነው? (ዳ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አክስትህ በቅን ልብ ነው፣ ግን እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አሁን ሙያው የሚጀመረው በዶክትሬት ደረጃ ነው። ከውጪ የተማረ ሰው ትምህርቱ አንድ በአንድ ተገምግሞ፣ ብሔራዊውን የፊዚዮቴራፒ ፈተና አልፎ፣ ከሚሠራበት ስቴት ፈቃድ ያገኛል። የኦንላይን ሰርተፍኬት ይህን አይተካም። አሁን ማድረግ ያለብህ ዲፓርትመንትህ ሄደህ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ይዘትና የሆስፒታል ልምምድ ሰዓትህን ማኅተም አስመትተህ መያዝ ነው። የሚያውቁህ መምህራን እዚያው እያሉ አስጨርሰው፤ ከባሕር ማዶ ሆነህ በስልክ ሬጅስትራር ማስለመን ጣጣው ብዙ ነው።