የቤተሰብ የዓመት ንባብ፦ የመጽሐፉን ቁጥር ተዉት፣ የማታውን ድርሻ ያዙ

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። በእንቁጣጣሽ “እያንዳንዳችን በዓመት 20 መጽሐፍ እናነባለን” ብላችሁ ቃል ገባችሁ። ኅዳር ሲገባ የያዘችው የ12 ዓመቷ ልጅሽ ብቻ ሆነች፤ የ7 ዓመቱ ልጅሽ መጽሐፍ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ባለቤትሽ “ደክሞኝ ነው የምገባው” ይላል። “ቁጥሩን እንቀንሰው ወይስ ለሚቀጥለው ዓመት እናስተላልፈው?” ነው ያልሽው። ሁለቱንም አልመክርሽም። ዘንድሮውኑ ቀጥሉ፤ ቁጥሩን ግን ጨርሳችሁ ተዉት።

በእኛ ቤት ይህ ልማድ ዓመታት አስቆጥሯል። አሁን ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ትልቋ ልጄ ያኔ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። እንዳየሁት ከሆነ በመጽሐፍ ብዛት የሚለካ ንባብ ልጆችን ወደ ስስ መጽሐፍ ይገፋቸዋል። ወፍራም ልብ ወለድ ለማንበብ የደረሰች ልጅ ቁጥሩን ለመሙላት ስትል ዓመቱን ሙሉ በቀጫጭን የተረት መጻሕፍት ትከርማለች። ታናሽየው ደግሞ እህቱ ዘጠነኛውን መጽሐፍ ስትጀምር እሱ ሁለተኛውን እንዳልጨረሰ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የመጽሐፍ መቁጠሪያ ሰንጠረዥ በየቀኑ ያያል። ማንበብን ገና እየለመደ ያለ ልጅ ዘወትር የሚሸነፍበትን ነገር እንዴት ብሎ ይውደደው? የጠቀስሽው ጉድሪድስ፣ ያነበቡትን መጽሐፍ የሚመዘግቡበት የኢንተርኔት ገጽ፣ ለብቻው ለሚያነብ አዋቂ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ዓመቱን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍትም አይገኙበትም።

ሌላውን መንገድ ያገኘነው ከእናቴ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ በየማለዳው ዳዊት ትደግማለች። እንደምታውቂው ዳዊት ለሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍሎ የሚደገም ነው፤ የየዕለቱ ድርሻ የታወቀ ነው። አንድ ማታ መካከለኛው ልጄ “እማማ በዓመት 52 ጊዜ ትጨርሳለች፤ ስለዚህ አሸናፊዋ እሷ ናት” ብሎ ሰንጠረዡ ላይ ሊጽፍላት ተነሣ። ትልቋ “ያው አንድ መጽሐፍ ነው፣ አይቆጠርም!” ብላ እርሳሱን ቀማችው። እናቴ የሁለቱን ክርክር ሰምታ “እኔ የማውቀው የሰኞን ለሰኞ፣ የማክሰኞን ለማክሰኞ ነው፤ ምን ጊዜ ነው ስቆጥር የምገኘው?” አለች። ለዘመናት ሳያቋርጥ ሲያነብ የኖረ ሕዝብ የያዘው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ድርሻ። እኛም ከዚያ በኋላ የቤታችንን ንባብ በድርሻ አደረግነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ስልኮች ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አንድ ሰው ለሁሉም ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ ይይዛል። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ግድግዳው ላይ 13 ረድፍ ያለው ወረቀት አለ፤ ለየወሩ አንድ ረድፍ፣ የጳጉሜን ረድፍ አጭር ናት። ቤቱ ባነበበበት ማታ አንዲት ሳጥን ትቀባለች። ሳጥኗ የቤቱ ናት፤ የእገሌና የእገሊት የሚባል ምልክት የለም። የዓመቱ ግባችንም የተቀቡ ሳጥኖችን ካለፈው ዓመት ማብለጥ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ትንሹ ልጅ የሚሸነፍለት ሰው የለም፤ ሁለት ገጽም ቢያነብ ሳጥኗን ያስቀባል።

ጮክ ብሎ የማንበቡን ነገር አደራ እልሻለሁ። የልጅሽ ፊት ማዞር ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። የእኔው ትንሽ አንድ ጊዜ “ጉማሬ ዋና ይወዳል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር “ዋና”ን አጥብቆ፣ ዋና ከተማ እንደሚባለው አድርጎ አነበበው፤ ከዚያ ቆም አለና መጽሐፉን አጠፍ አደረገው። እናቴ ከማድ ቤት ሆና “ውኃ ውስጥ የሚዋኘውን ነው እንጂ!” ስትለው ፊቱ በራ፤ ገጹን መልሶ ከፍቶ እስከ መጨረሻው አነበበው። ልጅ ለብቻው በሆዱ ሲያነብ እንዲህ ያለውን የሚያርምለት የለም። ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፣ ቃሉን ይለዋል፣ ነገሩ ግን አይገባውም። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገምበት መጽሐፍ አሰልቺ ነው ብሎ ይደመድማል፤ እኛም ልጁ ሰነፈ እንላለን። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ብቻውን አንብብ አትበሉት። እናንተ አንብቡለት፤ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ ይከተላችሁ፤ ቀጥሎ አንዱን አንቀጽ እሱ፣ ሌላውን አንቺ። ልጆችሽ የሚማሩበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ የማታው የጋራ ንባብ በአማርኛ ይሁን። የራሳቸውን መጽሐፍ በፈለጉት ቋንቋ ይምረጡ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ደክሞት የሚገባን ሰው መጽሐፍ ያዝ ብሎ መጨቅጨቅ ውጤት የለውም። እሱ በመስማት ይጀምር። በእኛ ቤት መስማት ይቆጠራል፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። ከወላጆቻችን ትውልድ ስንቱ ነው በ1958 የታተመውን “ፍቅር እስከ መቃብር” በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማው! ብዙዎቹ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው አያውቁም፤ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ጎረቤት ያውቋቸዋል። ይህን ንባብ አይደለም የሚል ካለ እኔ አልስማማም። አባት ጋደም ብሎ ልጁ ስታነብለት ይስማ፤ የሰማውን ይጠይቅ፤ ታሪኩ ከያዘው ራሱ “ነይ ላንብብልሽ” ይላል። ባለቤቴን የያዘው የግለ ታሪክ መጽሐፍ ነው፣ በተለይ የወታደሮችና የአርበኞች። የካቲት ሲገባ ስለ ዓድዋ የሚያነብልን እሱ ነው፤ የካቲት 23 ላይ የ1888ቱን ውሎ ጨርሰን እንድንገኝ ገጾቹን ራሱ ከፋፍሎ ያዘጋጃል። የአንቺው ባለቤት ኳስም ይሁን ንግድ፣ መኪናም ይሁን ታሪክ፣ በሚወደው ጉዳይ የተጻፈ ፈልጊለት።

የ12 ዓመቷን ልጅሽን ደግሞ ተዪያት። ማለቴ አንብባ ስትጨርስ “ምን ተማርሽበት?” እያልሽ አትፈትኛት፤ ፈተናው በትምህርት ቤት ይበቃታል። ለወንድሟ ታንብብለት እንጂ አስተማሪው አትሁን፤ ልዩነቱን ልጆች ወዲያው ያውቁታል።

ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ብር እየከፈሉ የሚያስነብቡ ወላጆች አሉ። ከልቤ የምቃወመው ነገር ነው። ብሩ የቀረ ዕለት ንባቡም ይቀራል፤ ብሩ እስኪቀር ድረስም ልጁ የሚያስበው ስለሚያልቀው ገጽ እንጂ ስለ ታሪኩ አይደለም። ይልቅ ለእንቁጣጣሽ ከሚገዛው ነገር ላይ ቀንሳችሁ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ምርጫ አንድ መጽሐፍ ይግዛ። የመረጠው ለእኛ የማይረባ ቢመስለንም።

የመጽሐፍ ዋጋ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ሁሉን መግዛት አይቻልም። አዲስ አበባ ያላችሁ ከሆነ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡባቸውን ቦታዎች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ተከራክሮ መግዛቱም ለልጆች ደስታ ነው። በ2014 የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልጆችን ይዞ ቁጭ ለማለት የተመቸ ነው፤ እኛ ቅዳሜ እንሄዳለን። ከጎረቤትና ከዘመድ መዋዋስም አለ፤ የተዋሰውን ማን እንደወሰደ የሚጻፍበት ደብተር ካለ ጭቅጭቅ አይመጣም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፦ በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን ያለ ደራሲው ፈቃድ የተገለበጡ መጻሕፍት ለልጆችሽ አታውርጂ። የሚጽፍልን ሰው የሚኖረው መጽሐፉ ተሸጦ በሚያገኘው ነው።

ዓመቱ ሁሉ እኩል አይሄድም፤ ይህንንም ከወዲሁ ተቀበሉት። በፈተና ሰሞን ድርሻውን ወደ አሥር ደቂቃ አውርዱት እንጂ አትዝለሉት። በበዓል ሳምንት እንግዳ ሲበዛ ሳጥኖቹ ባዶ ይሁኑ፤ ማንም አይወቀስ። ዋናው ወራችሁ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ልጆቹን ቤት አስቀምጦ፣ መብራትም አንዳንዴ ሲጠፋ ወፍራሙን መጽሐፍ ለመጨረስ የተሻለ ጊዜ የለም። ጳጉሜን ላይ አዲስ አንጀምርም፤ እያንዳንዱ ሰው በዓመቱ የወደደውን ታሪክ በቃሉ ይተርካል፣ የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው መጽሐፍም በዚያው ይመረጣል።

ስለዚህ እንቁጣጣሽን አትጠብቁ። መጽሐፍ የምትቆጥሩበትን ወረቀት አንሡት፣ በምትኩ ከኅዳር እስከ ጳጉሜን ያለውን አስምሩ፤ ዛሬ ማታ የመጀመሪያዋን ሳጥን ትንሹ ልጅሽ ይቀባት። እሱ የሚወደው የእንስሳት ታሪክ ነው ወይስ የጀብዱ? ይህን ብትጽፊልኝ ከእኛ መደርደሪያ ለእሱ ዕድሜ የሚሆኑትን መርጬ ስማቸውን እልክልሻለሁ።